ደርሶኛል ያልኩበት እሑድ

ይህን የምጽፈው ስሜን ቀይሬ ነው። ከድር በሉኝ። የሌሎቹንም ሰዎች ስም እንዲሁ ቀይሬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል። ነገሩ የአንድ እሑድ ነገር ነው። ጠዋት ተጀምሮ ጀምበር ሳትጠልቅ ያለቀ ነው፤ ለሌላው ሰው ማለቴ ነው፤ ለእኔስ እስካሁን አላለቀም።

መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ቻርጀር፣ ስታብላይዘር፣ የሶላር ባትሪ እሸጣለሁ፤ የተበላሸም እጠግናለሁ። ደንበኛ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ዋጋ ከጠየቀኝ ደሜ ይፈላል። ሚስቴ "አንተ ሱቅ የከፈትከው ለመሸጥ ሳይሆን ለመጣላት ነው" ትለኛለች፤ አልዋሸችም። እኔን አደብ አስይዞ ቁጭ የሚያደርገኝ ነገር በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አማተር ሬድዮ ይባላል።

ለማታውቁት ላስረዳ። ፈቃድ ታወጣላችሁ፣ የራሳችሁ የጥሪ መለያ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ በራሳችሁ መሣሪያና በራሳችሁ አንቴና በዓለም ዙሪያ ካሉ መሰሎቻችሁ ጋር በአየር ላይ ታወራላችሁ። ኢንተርኔት የለ፣ ሲም ካርድ የለ። ድምፃችሁ ወደ ሰማይ ወጥቶ ይመለስና ባሕር ማዶ ይወርዳል። "ስልክ እያለ ይሄ ምን ይሠራል?" የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ጣሪያዬ ላይ የዘረጋሁትን ሽቦማ ሰፈሩ መጀመሪያ ላይ የልብስ ማስጫ መስሎት ነበር፤ አንዲት ጎረቤቴ ብርድ ልብሷን አስጥታበት ታውቃለች።

መርካቶ ለሬድዮ የሚሆን ቦታ አይደለም። በሥራ ቀን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ የምሰማው የብየዳውን፣ የወፍጮውንና ከሁሉም በላይ የርካሽ ቻርጀሩን ጩኸት ነው። ያን ቻርጀር ለሰፈሩ ሁሉ የሸጥኩት ደግሞ እኔው ነኝና ማንን እከሳለሁ? እሑድ ጠዋት ግን አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። በዚያ ላይ መብራት ከጠፋ ሰፈሩ እያማረረ እኔ ብቻ ደስ ይለኛል፤ መሣሪያዬን ከባትሪ ጋር አገናኝቼ እቀመጣለሁ።

የዚህ ሥራ ሱሱ ዲኤክስ ነው፤ የሩቅ ግንኙነት ማለት ነው። ሩቅ የሚባለው ምን ያህል ነው ብትሉኝ እንደ ሞገዱ ነው። ድምፅ ከአድማስ ብዙም በማያልፍበት ሞገድ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከደረስክ ሩቅ ነው፤ ያስፎክራል። እኔ በምሠራበት አጭር ሞገድ ግን ከአገር ውጭ ካልሆነ ሩቅ አይባልም፤ እንደ እኔ ያለው ጉረኛማ ከአህጉሩ ካልወጣ አይቆጥረውም። "ሲኪው ዲኤክስ" ብዬ ስጠራ "ሩቅ ያላችሁ ብቻ መልሱልኝ" ማለቴ ነው። ለዚያ ጥሪ ቅርብ ያለ ሰው ቢመልስ ሳይጠሩት ድግስ እንደገባ ይቆጠራል።

ሌላም ልማድ አለን። ሁለት ሰዎች ተገናኙ የሚባለው መለያቸውንና የሰሙትን የድምፅ ደረጃ ሲለዋወጡ ነው፤ አንዱ ሰምቶ ሌላው ካልሰማ ግንኙነት አይባልም። ደረጃው በሁለት ቁጥር ይነገራል። የመጀመሪያው ቃሉ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደተሰማ ነው፤ ከአምስት ይታረማል። ሁለተኛው የድምፁ ጉልበት ነው፤ ከዘጠኝ። "ፋይቭ ናይን" ካልኩህ ቁልጭ ብለህ ተሰምተኸኛል ማለት ነው። ታዲያ በውድድር ቀን እውነተኛውን ደረጃ የሚናገር የለም። ጊዜ እንዳይባክን ሁሉም ለሁሉም "ፋይቭ ናይን" ይላል። ሰውየውን መለያውን ሦስት ጊዜ አስደግመኸው፣ ላብህ ጠብ ብሎ ሰምተኸው፣ "ፋይቭ ናይን" ትለዋለህ። እያመመህ "እንዴት ነህ?" ሲሉህ "ደህና፣ አልሐምዱሊላህ" እንደምትለው ነው። ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሼ ሽመልስ ናቸው። በወጣትነታቸው መርከብ ላይ የሬድዮ ሠራተኛ ነበሩ። አሁን ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ጎጃም በረንዳ ጀርባ ባለው ግቢያቸው ከልጃቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር ይኖራሉ። ከእኔ ቤት እዚያ ለመድረስ ትኩስ ሻይ ቀዝቅዞ እስኪጠጣ እንኳ አይፈጅም። ይህን ያህል ቅርብ ስለሆኑ ድምፃቸው በሬድዮ ሲገባ ጆሮ ይበጥሳል።

እውነቱን ልናገር፣ አየር ላይ ያሰለቹኝ ነበር። "ሲኪው ዲኤክስ" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስጠራ ድንገት ከላዬ ይገቡና "ከድር፣ ልጄ፣ እንደምን አደርክ?" ይሉኛል።

"ጋሼ፣ ሩቅ ነው እኮ የምጠራው!"

"እኔ ጋ ከመጣህ ስንት ጊዜህ ነው? ከዚህ በላይ ምን ሩቅ አለ?" ይሉና ይስቃሉ።

እኔም እስቅና ሞገዱን ቀይሬ እሸሻለሁ። ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ ብቅ እላለሁ እያልኩ ስንት ቅዳሜ እንዳለፈ አላህ ያውቃል።

ያ እሑድ የውድድር ቀን ነበር። በዚያ ላይ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል ሰው በማይኖርባት አንዲት ደሴት ላይ ጥቂት አማተሮች በጀልባ ሄደው ለአጭር ጊዜ መሣሪያ ተክለው ነበር። እንዲህ ያለች ደሴት በዕድሜ አንድ ጊዜ ብትገኝ ነው። ከእኛ አገር እሷን ያገኘ ሰው መኖሩን አልሰማሁም። የመጀመሪያው እኔ መሆን ፈለግሁ፤ እንዴት እንደፈለግሁ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ሚስቴንና ልጆቼን እህቷ ቤት ሰደድኳቸው፣ ስልኬን አጠፋሁ፣ በሩን ቆለፍኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደሴቲቱን ሰማኋት። ድምፁ ይመጣል፣ ይሰምጣል፣ ደግሞ ይመጣል። ዓለም በሙሉ እየተጋፋ ይጠራቸዋል፤ የበዓል ዋዜማ የዶሮ ተራ ግርግር በሉት። እኔም ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። በመጨረሻ ሰውየው የመለያዬን ግማሽ ይዞ "ማነው? ድገም!" አለ። መለያዬን ሙሉውን ነገርኩትና መልሱን ለመስማት ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጫንኩት።

ይኼኔ ከሥር አንዲት ቀጭን ድምፅ ገባች። የጋሼ ሽመልስ መለያ ጫፉ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ "ከድር" የሚል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትንፋሽና ጩኸት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። የጋሼን ድምፅ እንደዚያ ደክሞ ሰምቼው አላውቅም። ጆሮ የሚበጥሰው ሰው ሹክሹክታ ሆነው ነበር የመጡት። ጆሮዬ ይህን አስተውሎታል። ሬድዮ የሚያውቅ ሰው ቅርብ ያለ ጣቢያ እንዲህ ሲደክም አንድ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። እኔ ግን ባትሪያቸው ደክሞ ይሆናል አልኩና ተናደድኩ። "ዛሬ እንኳ ቢተዉኝ ምናለ?" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ማይኩን ተጭኜ እንዲህ አልኩ፦

"ጋሼ፣ ፋይቭ ናይን፣ ፋይቭ ናይን! ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ!"

ዝም አሉ። ወዲያው ነው ዝም ያሉት። "ዛሬስ ገባቸው" አልኩ።

ትንሽ ቆይቶ ደሴቲቱ መለያዬን ሙሉውን ጠራች፤ "ፋይቭ ናይን" አለችኝ። እኔም "ፋይቭ ናይን" አልኳት። ከወንበሬ ዘልዬ ጣሪያውን በእጄ መታሁት። ከዚያ ስልኬን ከፍቼ ለማውቃቸው አማተሮች ሁሉ ደወልኩ፤ ምሳዬን በላሁ፤ ጋደም አልኩ። አሥር ሰዓት ገደማ ተነሣሁና ብርቱካን ገዝቼ ወደ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ልጠይቃቸው አልነበረም የሄድኩት። ልፎክርባቸው ነበር።

የግቢው በር ዘወትር በሽቦ ነው የሚታሰረው፤ ፈትቼ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ደርቆ ይወዛወዛል። "ጋሼ! አገኘኋት!" እያልኩ ክፍላቸውን ገፋሁት።

ጋሼ ሽመልስ መሬት ላይ ነበሩ። በአልጋውና በሬድዮው መሀል በጎናቸው ተኝተዋል፤ አንድ እግራቸው ሰው በማያጥፈው በኩል ታጥፏል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ማይኩን በእጃቸው ይዘውታል፤ ስልካቸው ማዶ መደርደሪያ ላይ ነው። ከአልጋ ሲነሡ እግራቸው የአንቴናውን ገመድ ጠልፎት ኖሯል፤ ሲወድቁ ከመሣሪያው ነቅሎት ጫፉ ሥራቸው ወድቋል። አንቴና በሌለው ሬድዮ ነበር የጠሩኝ። የእኔ ጣቢያ ጉልበት ስላለውና ቅርብ ስለሆነ እሳቸው እኔን ያለ አንቴናም ጥርት አድርገው ይሰሙኛል። ያን ገመድ ባየሁባት ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ።

"መጣህ ልጄ" አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። "ቢዘገይም ይመጣል ብያለሁ። ሰምተኸኝ የለ?"

ብርቱካኑን የያዝኩበት ፌስታል እጄ ላይ እንዳለ ነው።

"አዎ፣ ጋሼ" አልኩ።

ይህችን ቃል ያወጣኋት ላስደስታቸው ነው ብል ውሸት ይሆናል። ፈርቼ ነው። ዓይናቸውን ማየት ስላልቻልኩ ነው።

ወጥቼ ጮህኩ። ከመንገዱ ጋሪ ገፊዎች ደረሱልኝና በፍራሻቸው ተሸክመን ፒካፕ ላይ ጫንናቸው። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ዳሌያቸው መሰበሩን ነገረኝ፤ ያለ ውሃ ብዙ ሰዓት ስለቆዩ ኩላሊታቸው ተጎድቷል አለ። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ በመትረፋቸው እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለኝ። "ጠዋት ቢመጡ ጥሩ ነበር" ብሎ ጨመረ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሥራው ሆኖበት ነው። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ቢሞቱ ገዳያቸው እኔ ነኝ፤ ይህንንም ማንም አያውቅም። ሁለተኛው ሐሳብ ትንሽ እንዳጽናናኝ አስታውሳለሁ፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ራሴን አላምነውም።

እትዬ አልማዝ ደብረ ብርሃን ለቅሶ ሄዳ ነበር። ደውዬላት፣ አባቷም ስልኬን ተቀብለው በሬድዮ እንደጠሩኝ ነግረዋት፣ እየበረረች መጣች። ገና እንዳየችኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"ወንድሜ! አባቴን አተረፍክልኝ! በዚያ ሽቦ ስስቅባችሁ... እሱ ነው ያተረፈልኝ!"

"እትዬ፣ እኔ..."

"ዝም በል፣ ምንም አትበል።" እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ "ግን ሐኪሙ የወደቅከው ጠዋት ነው ይላል፤ እንዴት እስከ..." ብላ ጀመረች።

ጋሼ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ "አታስጨንቂው" አሏት። "መንገድ ላይ የሆነ ነገር ገጥሞት ነው። እኔማ መሬት ላይ ተኝቼ መኪና ገጭቶት ይሆን እያልኩ ስፈራ ነው የዋልኩት።"

መሬት ላይ ተሰብረው፣ ውሃ ጠምቷቸው፣ ለእኔ ሲፈሩ ነበር የዋሉት። እኔ በዚያ ሰዓት ምሳ በልቼ ተኝቻለሁ።

ኦፕራሲዮኑን ተወጡት። ለዚህ ፈጣሪን አመሰግናለሁ፤ የምር ነው የማመሰግነው። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ መራመድ አልቻሉም። እኔ በየቀኑ ሆስፒታል እመላለስ ጀመር። ለነርሶቹ የጋሼ ልጅ እመስላቸዋለሁ። የጎጃም በረንዳ ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ እጄን ይጨብጠኛል። የማላውቀው ባለሱቅ "አንተ ነህ አይደል በሬድዮ ሰምተህ የደረስከው? ተባረክ" ብሎኛል። የሰው ምርቃት እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

አልቻልኩም። እትዬ አልማዝ ምግብ ልታመጣ ወደ ቤት የሄደችበትን ቀን ጠብቄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ያን ቀን አልሰማሁዎትም።"

"ምኑን?"

"የመለያዎን ጫፍና ስሜን ብቻ ነው የሰማሁት። ሌላውን አልሰማሁም። የመጣሁትም ደሴት ማግኘቴን ልነግርዎት ነው።"

ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"ወድቄያለሁ፣ መነሣት አልቻልኩም፣ ድረስልኝ ነበር ያልኩህ።"

"አልሰማሁም፣ ጋሼ።"

"ፋይቭ ናይን አልከኝ እኮ።"

"አልኩ።"

"ደርሶኛል አልከኝ።"

"አልኩ፣ ጋሼ። አፌ ለምዶት ነው። ለሁሉም ነው የምለው።"

ፊታቸውን ወደ ጣሪያው መለሱ። ቢሰድቡኝ ምንኛ በወደድኩ! እኔን ለመውቀስ ሳይሆን ነገሩን ለራሳቸው እንደሚያስረዱ ሆነው ተናገሩ።

"መርከብ ላይ ደርሶኛል ካሉህ በኋላ ደግመህ አትጣራም። አፍህን ዘግተህ ትጠብቃለህ። ዘይነባ፣ ያቺ ተከራያችን፣ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። ውሃውን ስትደፋ ይሰማኛል። ልጣራ አልኩና ተውኩት። ከድር ሰምቶኛል፣ እሷን ምን አስደነግጣታለሁ አልኩ። ልብሱን አስጥታ ስትጨርስ ወጣች። በሩን ስታስረው ሰማሁ።"

እዚያው ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ትልቅ ሰው ነኝ፣ የልጆች አባት ነኝ፤ አልጋው ብረት ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ። ዝም ብላቸው ኖሮ፣ ጭራሽ መልስ ባልሰጣቸው ኖሮ፣ ይጮሁ ነበር። ዘይነባ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

"ለእትዬ አልማዝ ልንገራት" አልኳቸው።

"እንዳትነግራት።"

"ትስደበኝ፣ ትጣላኝ፤ እውነቱን ትወቀው።"

"ለአንተ አዝኜ አይደለም" አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጠር አለ። "ያቺ ልጅ ዕድሜዋን በእኔ ጨርሳለች። ከቤት ወጣ የምትለው አንተ ትሰማኛለህ ብላ ነው። ብትነግራት ለቅሶም አትደርስ፣ ቤተ ክርስቲያንም አትሄድ፤ አልጋዬ ሥር ቁጭ ትላለች። እሷ እንደዚያ ከምትሆን አንተ ብትቃጠል ይሻለኛል።"

ይህ ሁሉ ከሆነ ቆይቷል። ደሴቲቱ በስሜ ተመዝግባለች፤ አማተሮቹ "ትልቅ ዲኤክስ ነው" ይሉኛል፤ እውነት ነው፣ በደንቡ መሠረት ሙሉ ግንኙነት ነው። እንዴት እንዳገኘኋት ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይራለሁ። አሁን በውድድር ቀን የሰማሁትን ደረጃ ነው የምናገረው፤ ሦስት ከሆነ ሦስት እላለሁ፣ ካልሰማሁ "አልሰማሁህም፣ ድገም" እላለሁ። ይሰለቹኛል፣ ትተውኝ ይሄዳሉ። ይሂዱ።

እናንተ ሬድዮ አይኖራችሁ ይሆናል። ቢሆንም እናታችሁ ስትደውል ስልኩን በትከሻችሁ ይዛችሁ፣ ዓይናችሁ ሌላ ቦታ ሆኖ፣ "እሺ እሺ፣ ገባኝ" ያላችሁበት ቀን የለም? እኔ ምክር መስጠት አይሆንልኝም፤ ራሴም ተመክሬ አላውቅም። የምለው አንድ ነገር ነው። አለመስማት ያጋጥማል፤ መሣሪያው ይበላሻል፣ ጆሮም ይሳሳታል። ያልሰሙትን ሰምቻለሁ ማለት ግን ለዚያኛው ሰው ሌላውን በር ሁሉ መዝጋት ነው። ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው ዳሌ ነው።

እሑድ እሑድ ሬድዮዬን ትቼ ጋሼ ቤት እውላለሁ። ብዙም አናወራም። ጸጉራቸውን አበጥራለሁ፣ ወደ ፀሐይ አወጣቸዋለሁ፤ የምለውን ያደርጋሉ፣ እንደ ድሮው ግን አይስቁብኝም። ባለፈው እሑድ እትዬ አልማዝ ለክርስትና ወደ ሰንዳፋ ልትሄድ ነጠላዋን ስታጣፋ በሩ ላይ ቆም አለች።

"ከድርዬ፣ አንተ ካለህማ ምን እሰጋለሁ" አለችኝ። "እሱ ቢያቃስት እንኳ የምትሰማው አንተ ነህ።"

ጋሼ ሽመልስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

"እሺ፣ እትዬ" አልኳት። "በሰላም ግቢ።"